የአምፖል ሽቦ ምጣድ አይችልም

መብራት ወደ ገጠር ሲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚበራው አምፖል ነው። ቀጥሎ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ የቻሉ እናቶች የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛሉ። ይህ መልካም ነው። ዓይን ከጭስ ያርፋል፤ እንጨት ለቀማውም ይቀንሳል። ነገር ግን በአሮጌ ቤት ውስጥ ምጣድ ከመሰካቱ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ።

ባረፍኩበት ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤቱ የቆየ የጭቃ ቤት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ አምፖል ተብሎ ቀጭን ሽቦ ገብቶለታል። ሽቦው በጣራው እንጨት ላይ ተዘርግቶ ጥቀርሻ ለብሷል። ቫልቮላው አንድ ቀን ተቃጥሎ ኖሮ፣ በቦታው ወፍራም ሽቦ ተጠምዝዞበታል። እማማ አዲስ ምጣድ ገዙና ከዚያው ከአምፖሉ ሽቦ ላይ አስቀጠሉት። ሁለተኛው እንጀራ ሳይወጣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ቀና ብዬ ሳይ የሽቦው ልባስ ቀልጦ ይንጠባጠባል። ሮጬ ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አጠፋሁ።

«ልጄ፣ ምጣዱ እኮ አዲስ ነው፤ ምን ነካው?» አሉኝ።

«እማማ፣ ጥፋቱ የምጣዱ አይደለም፤ የሽቦው ነው» አልኳቸው።

ሽቦው ለምን ጋለ?

የመስኖ ቦይ አስቡ። ለጎመን መደብ የተቆፈረች ትንሽ ቦይ የወንዝ ሙላት ቢለቀቅባት ትጣሳለች። ኤሌክትሪክም በሽቦ ውስጥ ይሄዳል። በቀጭን ሽቦ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦው ይግላል። የሚያልፈው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ልባሱ ይቀልጣል፤ እሳቱም ወደ ሳሩና ወደ ማገሩ ይዛመታል።

እስቲ እናስላ። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። ዕቃው የሚፈልገው ጉልበት በዋት ይለካል። በሽቦው የሚያልፈው ደግሞ በአምፔር ይለካል። ዋቱን ለቮልቱ ስናካፍል አምፔሩን እናገኛለን።

አምፖል፦ 60 ÷ 220 = 0.27 አምፔር ገደማ
ምጣድ፦ 3,500 ÷ 220 = 16 አምፔር ገደማ

እንግዲህ አንድ ምጣድ ማብራት 58 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። የምጣዳችሁን ዋት ከላዩ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አንብቡ። ማንበብ የተማራችሁት ለዚህም ነው።

ምን ይደረግ?

1. ምጣዱ የራሱ መስመር ይኑረው። መስመሩ ከማከፋፈያው ሳጥን ተነስቶ በቀጥታ ምጣዱ ዘንድ ይድረስ። ሌላ አምፖል ወይም ሶኬት አይቀጠልበት።

2. ሽቦው የመዳብ ይሁን፤ ውፍረቱም 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ለአምፖል 1.5 ይበቃል፤ ለምጣድ ግን አይሆንም።

3. መስመሩ የራሱ ብሬከር ይኑረው። ለ3,500 ዋት ምጣድ 20 አምፔር ይበቃል። ብሬከርና ቫልቮላ ዘበኛ ናቸው። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ኤሌክትሪኩን ይቆርጣሉ። በቫልቮላ ቦታ ወፍራም ሽቦ መጠምዘዝ ዘበኛውን አባሮ በር ከፍቶ መተኛት ነው።

4. የመሬት ሽቦ አይቅር። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው። የምጣዱን ብረት ቤቱ አጠገብ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ያገናኛል። ኤሌክትሪክ ወደ ምጣዱ ብረት ቢያመልጥ በዚህ ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል። ብዙ አሮጌ ቤቶች ሁለት ሽቦ ብቻ ስላላቸው ይህ ሦስተኛው የለም። እርጥብ እጅ ያላትን ጋጋሪ የሚገድላትም ይህ ጉድለት ነው።

5. ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። አይጥና ጥቀርሻ እንዳይደርሱበት ያደርጋል።

6. ሥራውን ባለሙያ ይሥራው። ቆጣሪውንና ከምሰሶ የሚመጣውን ገመድ የመብራት አገልግሎቱ ሠራተኛ እንጂ ሌላ ሰው አይንካው። ቆጣሪው ምጣዱን ይችል እንደሆነም አስቀድማችሁ ጠይቁ። የእናንተ ድርሻ ከላይ ያሉት ሁሉ መሟላታቸውን ማየት ነው።

አደጋ ቢደርስስ? መጀመሪያ ማጥፊያውን አጥፉ። ኤሌክትሪክ ባለበት እሳት ላይ ውሃ አትድፉ፤ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ በትኑበት። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትንኩ። ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት አላቁት።

«ሽቦው ውድ ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ገንዘብ ስታጠራቅሙ የሽቦውንም አብራችሁ ቁጠሩ። እማማ አዲሱ መስመር እስኪገባ አንድ ወር ሙሉ በእንጨት ጋገሩ። ምጣዱ ጥግ ላይ ተሸፍኖ ተቀመጠ። በወሩ የመጀመሪያውን እንጀራ ሲያወጡ እጃቸውን ወደ አዲሱ ሽቦ ሰደዱና ዳሰሱት። ቀዝቃዛ ነበር።

ጥያቄዎች

1. የአምፖል ሽቦ ምጣድ የማይችለው ለምንድን ነው?
2. የመሬት ሽቦ ሥራው ምንድን ነው?
3. አንድ ምጣድ 2,200 ዋት ቢሆን በሽቦው ስንት አምፔር ያልፋል?
4. በቤታችሁ ያለው ቫልቮላ ወይም ብሬከር ስንት አምፔር ነው? አንብባችሁ ጻፉ።