የስዊች ማስተዳደሪያ ቅንብርና የሰበካ ጉባኤ ኃላፊነት

ሙዳየ ምጽዋት እንዴት እንደሚከፈት ለዚህ ዜና መጽሔት አንባብያን ማስረዳት አያስፈልገንም። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቀመጥም፤ ሲከፈት ምስክሮች ይገኛሉ፤ የተቈጠረው ገንዘብ በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ ይፈረምበታል። ይህ ሥርዓት የተሠራው በሰው ላይ እምነት ስለ ጠፋ ሳይሆን፣ አገልጋዩም ንብረቱም ከሐሜትና ከጥፋት እንዲጠበቁ ነው።

ዛሬ በርካታ አጥቢያዎች የሒሳብ መዝገባቸውን፣ የምእመናን ምዝገባውን፣ የክርስትና ምስክር ወረቀቱንና የጥበቃ ካሜራውን ምስል በኮምፒውተር ይይዛሉ። ይህ ሁሉ የሚተላለፈው በጽሕፈት ቤቱ ጥግ በተሰቀለች አንዲት ትንሽ ሣጥን በኩል ነው፤ ስዊች ትባላለች። የዚህች ሣጥን ቁልፍ ግን ብዙ ጊዜ በገጠማት ባለሙያ እጅ ብቻ ይገኛል፤ አለዚያም ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለማንም ክፍት ሆኖ ይኖራል። በዚህ ትምህርት ስዊች እንዴት እንደሚተዳደር፣ ሰበካ ጉባኤውም ከባለሙያው ምን መጠየቅና ምን መረከብ እንደሚገባው እናያለን።

ሀ. ስዊች ምንድን ነው?

ስዊች ኮምፒውተሮችን፣ ማተሚያዎችንና ካሜራዎችን በኬብል እርስ በርስ የምታገናኝ መሣሪያ ናት። እያንዳንዱ መሣሪያ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ መለያ ቁጥር አለው። ስዊቿ የትኛው ቁጥር በየትኛው መሰኪያ በኩል እንዳለ እየመዘገበች መልእክቱን ለባለቤቱ ብቻ ታደርሳለች።

ስዊች ሁለት ዓይነት ናት። አንደኛዋ ኬብል ከመሰካት በቀር ምንም ቅንብር የማትቀበል ናት፤ ሁለትና ሦስት ኮምፒውተር ብቻ ላለው ጽሕፈት ቤት ትበቃለች። ሁለተኛዋ የምትተዳደር ስትሆን፣ ባለሙያው ወደ ውስጧ ገብቶ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ ይወስናል። ሒሳብ ክፍሉ፣ ካሜራውና የአዳራሹ ዋይፋይ በአንድ መስመር ላይ በሚሰባሰቡበት አጥቢያ የምትመረጠው ይህችኛዋ ናት። ነገር ግን የምትተዳደር ስዊች ገዝቶ ሳያስተዳድሯት መተው፣ ቁልፍ ያለው ካዝና ገዝቶ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክቶ እንደ መሄድ ነው።

ለ. ካጋጠመን

በአንድ አጥቢያ የጽሕፈት ቤቱን፣ የክሊኒኩንና የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ የሚያገናኝ መስመር ተዘርግቶ ነበር። ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ነበር፤ የሒሳብ ኮምፒውተሩም ከአዳራሹ ዋይፋይ ተለይቶ ነበር። ከጊዜ በኋላ ካሜራ መጨመር ባስፈለገ ጊዜ ግን የስዊቿን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው ጠፋ። የገጠማት ባለሙያ አገር ለቆ ሄዷል፤ በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር አልነበረም። አዲሱ ባለሙያ ስዊቿን ወደ ፋብሪካ ቅንብሯ ከመመለስ ሌላ አማራጭ አላገኘም።

ሁሉም ነገር ወዲያው ስለ ሠራ ማንም አልተጠራጠረም። ነገር ግን ስዊቿ ወደ ፋብሪካ ቅንብሯ ስትመለስ መለያ ግድግዳዎቹ ሁሉ ፈርሰዋል። የሒሳብ ኮምፒውተሩና የአዳራሹ ዋይፋይ በአንድ መስመር ላይ ውለው ከርመዋል፤ ስልኩን ይዞ አዳራሽ የገባ ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል የተጋራውን የሒሳብ ማኅደር ሊከፍት ይችል ነበር። ጉዳት ሳይደርስ መታወቁ መልካም ሆነ። ጥፋቱን በባለሙያው ላይ ብቻ ልንጥል አንችልም። ሥራውን ስንረከብ ኬብሉን ቈጥረን ተረከብን እንጂ ቁልፉን አልጠየቅንም።

ሐ. የቅንብሩ ቅደም ተከተል

1. ስምና አድራሻ። ስዊቿ የምትተዳደርበት ቋሚ የአይፒ አድራሻ ሊኖራት ይገባል። በ192.168 የሚጀምሩ አድራሻዎች ለውስጥ መስመር የተለዩ ናቸው። ለምሳሌ ስዊቿ 192.168.10.2፣ ወደ ውጭ የሚያወጣት ራውተር ደግሞ 192.168.10.1 ሊሰጣቸው ይችላል። አድራሻው በራሱ ጊዜ የሚለዋወጥ ከሆነ፣ ችግር በተፈጠረ ቀን ስዊቿን መፈለግ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆናል። ከአንድ በላይ ስዊች ያለው አጥቢያ ለእያንዳንዷ የቦታዋን ስም ይስጣት፤ «ጽሕፈት ቤት»፣ «ክሊኒክ»፣ «አዳራሽ» እንደ ማለት።

2. የይለፍ ቃል። የፋብሪካ መለያ ስምና የይለፍ ቃል በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ታትሞ ስለሚወጣ ምስጢር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሚራይ» የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ከ60 በላይ የታወቁ የፋብሪካ ስሞችንና የይለፍ ቃሎችን እየሞከረ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና ራውተሮችን ማረከ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን በእነዚሁ መሣሪያዎች በተሰነዘረ ጥቃት ታላላቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተቋርጠዋል። የተማረኩት መሣሪያዎች ባለቤቶች አብዛኞቹ በቤታቸውና በሱቃቸው ካሜራ የሰቀሉ ተራ ሰዎች ነበሩ። ስለሆነም የፋብሪካው የይለፍ ቃል ስዊቿ ከመስመር ጋር ከመገናኘቷ አስቀድሞ ይለወጥ። ሁለት ሰዎች የሚያስተዳድሯት ከሆነም ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው መለያ ይከፈት፤ ማን ምን እንደ ለወጠ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

3. የመግቢያ በር። ባለሙያው ከርቀት ወደ ስዊቿ የሚገባባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። «ቴልኔት» የተባለው አሮጌ መንገድ የይለፍ ቃሉን ሳይሸፍን ስለሚልከው፣ በመስመሩ ላይ አድፍጦ የሚያዳምጥ ሰው እንደ ተከፈተ ደብዳቤ ያነበዋል። «ኤስኤስኤች» የተባለው መንገድ እ.ኤ.አ. በ1995 በፊንላንድ የተፈጠረው በአንድ ዩኒቨርሲቲ መስመር ላይ እንዲህ ያለ የይለፍ ቃል ስርቆት ከደረሰ በኋላ ነው፤ ይህኛው መልእክቱን በምስጢር ሸፍኖ ይልካል። ስለዚህ ቴልኔት ይዘጋ፣ ኤስኤስኤች ይከፈት፤ በድረ ገጽ መልክ የሚገባ ከሆነም «ኤችቲቲፒኤስ» ብቻ ይፈቀድ። እንዲሁም «ኤስኤንኤምፒ» የተባለው የመከታተያ አገልግሎት በአሮጌ ስሪቶቹ «ፐብሊክ» እና «ፕራይቬት» በሚሉ የታወቁ ቃላት የሚከፈትበት ጊዜ ብዙ ነው። የማንጠቀምበት ከሆነ ይዘጋ፤ የምንጠቀምበት ከሆነ ሦስተኛው ስሪት ይመረጥ።

4. መለያ ግድግዳ። አንዲት ስዊች በውስጧ በተለያዩ መስመሮች ልትከፈል ትችላለች፤ ይህ ክፍፍል «ቪላን» ይባላል። ቁጥሮቹ ከ1 እስከ 4094 ሲሆኑ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ መሰኪያዎቹ ሁሉ ብዙውን ጊዜ በቁጥር 1 ሥር ናቸው። ለአንድ አጥቢያ አራት ክፍሎች ይበቃሉ። ለምሳሌ 10 ለማስተዳደሪያ፣ 20 ለሒሳብና ለመዝገብ፣ 30 ለካሜራ፣ 40 ለአዳራሹ ዋይፋይ ሊሆኑ ይችላሉ። ወደ ስዊቿ ማስተዳደሪያ የሚገባው በ10 በኩል ብቻ ይሁን። ሆኖም ክፍሎቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ራውተር ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ገደብ የሚያሳልፍ ከሆነ ግድግዳው በር የሌለው ክፍት መተላለፊያ ይሆናል፤ እርሱም አብሮ መቀናበር አለበት። ማንም የማይጠቀምባቸው መሰኪያዎችም ይዘጉ።

5. ሰዓትና መዝገብ። ስዊች ማን መቼ እንደ ገባና ምን እንደ ለወጠ ትመዘግባለች፤ ሰዓቷ ከተሳሳተ ግን መዝገቧ ምስክር አይሆንም። ብዙዎቹ ስዊቾች መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓታቸው ወደ ፋብሪካው ዘመን ስለሚመለስ፣ ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለው አገልግሎት ይከፈት፤ የአገራችን ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ በ3 ሰዓት እንደሚቀድምም ይነገራት። መዝገቡን የሚያነብ የኮሚቴ አባል አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ስዊቿ 02:15 ብላ የጻፈችው በእኛ አቈጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ስዊቿ የገባ ሰው ካለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

6. ማስቀመጥ። በብዙ ስዊቾች ላይ አሁን የሚሠራው ቅንብርና ስትነሣ የምታነበው ቅንብር የተለያዩ ናቸው። ባለሙያው ለውጡን አድርጎ «አስቀምጥ» የሚለውን ትእዛዝ ካልሰጠ፣ መብራት በጠፋ ቅጽበት ሥራው ሁሉ ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት አካባቢ ይህ የዘወትር አደጋ ነው። ስለሆነም ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት ስዊቿ በኮሚቴው ፊት ጠፍታ ትነሣ፤ ሁሉም ነገር እንደ ነበረ ከተመለሰ ሥራው ተፈጽሟል። ከዚያም የቅንብሩ ቅጂ ከስዊቿ ውጭ በሌላ ቦታ ይቀመጥ።

መ. ርክክብ

ከላይ የተዘረዘረውን የሚፈጽመው ባለሙያው ነው፤ የሚረከበው ግን ሰበካ ጉባኤው ነው። በርክክቡ ቀን የሚከተሉት በጽሑፍ ይቅረቡ፦ የስዊቿ ስምና አድራሻ፣ የመለያ ስሞቹና የይለፍ ቃሎቹ፣ እያንዳንዱ መሰኪያ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ዝርዝር፣ የቅንብሩ ቅጂ። የይለፍ ቃሉ በፖስታ ታሽጎ በማኅተም ይዘጋና በካዝና ይቀመጥ። ፖስታው የሚከፈተው ቢያንስ ሁለት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ሲሆን፣ የተከፈተበት ምክንያትና ቀን በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ባለሙያው ሲለወጥ ወይም የሥራ ዘመኑ ያለቀ አባል ሲሰናበት የይለፍ ቃሉ ይለወጥ። ይህ ተሰናባቹን መጠርጠር አይደለም፤ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ ስሙ እንዳይነሣ መጠበቅ ነው።

ስዊቿ ራሷም በተቈለፈ ሣጥን ውስጥ ትሁን። አጠገቧ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ በአንዲት ቁልፍ ተጭኖ ወደ ፋብሪካ ቅንብሯ ሊመልሳት ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠንካራ የይለፍ ቃል አይጠብቃትም።

ይህን የምንለው የሥራ ቅልጥፍናን ብቻ አስበን አይደለም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን የግል መረጃ የሚይዙ ሁሉ እንዲጠብቁት ግዴታ ይጥላል። ከሕጉ በፊትም አንዲት እናት የልጇን ስም ለክርስትና ስታስመዘግብ፣ አንድ ምእመን አሥራቱን ሲከፍል፣ ስማቸውን በአደራ ሰጥተውናል። አደራው በወረቀት ሳለ እንጠብቀው እንደ ነበረ፣ በኬብል ሲተላለፍም መጠበቅ ይገባናል።

ሠ. ለውይይት

ሰበካ ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባው እነዚህን ጥያቄዎች አንሥቶ ቢወያይባቸው መልካም ነው።

1. በአጥቢያችን ስንት ስዊቾች አሉ? የሚተዳደሩትስ የትኞቹ ናቸው?
2. የይለፍ ቃላቸውን የሚያውቀው ማን ነው? ያ ሰው ዛሬ ቢለየን ነገ ማን ይከፍታቸዋል?
3. የሒሳብ ኮምፒውተሩና የአዳራሹ ዋይፋይ ተለያይተዋል? መለያየታቸውንስ ማን አረጋገጠ?
4. የቅንብሩ ቅጂ የት ተቀምጧል?

ለሁለተኛው ጥያቄ ወዲያው መልስ ያልተገኘለት አጥቢያ ከዚያ ይጀምር። ባለሙያው በአቅራቢያ ሳለ ተጠርቶ የይለፍ ቃሉን በጽሑፍ ቢያስረክብ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከሄደ በኋላ ግን ሁሉን እንደ ገና መሥራት ይሆናል።