ጅን ነው ወይስ ጂን?

ደህና ስታድግ የቆየች ሕፃን አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናት ንግግሯ ሲጠፋና እጆቿን ያለማቋረጥ ስታፋትግ «ጅን ነክቷት ነው» እንላለን። ሩቅያው መልካም ነው፤ ሐኪም ግን አይቅር፤ ሬት ሲንድረም ሊሆን ይችላል። መንስኤው በአብዛኛው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለው የሜክፒ2 ጂን መበላሸት መሆኑን በ1999 እ.ኤ.አ. የቤይሩት ተወላጇ ሁዳ ዞግቢ ቡድን አሳየ።

ፕሮቲኑ ድልድይ ነው። በአንድ ጫፉ ሜቲል የተለጠፈበትን ዲኤንኤ ይይዛል፤ በሌላው ኤንኮር የተባሉትን ፕሮቲኖች ይጠራል። እነሱ አሴቲልን ከሂስቶን ያስነሳሉ፤ በአካባቢው ያሉ ጂኖችም ዝግ ይላሉ። አንዱ ጫፍ ብቻ ቢሰበር እንኳ ሥራው ይበላሻል። ከልክ በላይ መብዛቱም ያሳምማል፤ ይህም በብዛት ወንዶች ልጆችን ያጠቃል።

በ2007 እ.ኤ.አ. በታመሙ አይጦች ውስጥ ጂኑ እንደገና ሲሠራ ብዙዎቹ ምልክቶች ተሻሻሉ። የነርቭ ሴሎቹ ለካ አልሞቱም ነበር።