የመልእክተኛው ስንቅ

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ፊልጵስዩስ 4፥10-20፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 11፥7-9፤ 3ኛ ዮሐንስ 5-8።

በዚህ ጊዜ የምናጠናው ነገር በጉባኤ መካከል ሲነሣ ብዙዎቻችን አንገታችንን የምንደፋበት ነገር ነው። ይኸውም የወንጌል መልእክተኛ ምን ይበላል፥ ልጆቹን በምን ያሳድጋል፥ ይህንንስ ከማን ይጠይቃል የሚለው ነው። ስለ ጸሎቱና ስለ ስብከቱ ብዙ ትምህርት ሰምተናል፤ ስለ ቀለቡ ግን ዝም ማለት እንደ ትሕትና ተቈጥሮ ኖሮአል። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ዝም አላለም። ወደ ፊልጵስዩስ ሰዎች የላከውን መልእክት መጨረሻ ቀስ ብላችሁ ብታነቡ ደረሰኝ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስጦታውን ያመጣለትን ሰው፥ አፍሮዲጡን፥ በስሙ ይጠራዋል፤ ቀድሞ በተሰሎንቄ ሳለ ደጋግመው እንደ ላኩለት ያስታውሳል፤ አሁን የደረሰውም እንደ በቃው ይመሰክራል።

ከዚህ ጋር የቆሮንቶስን መልእክት አስተያዩ። ከፊልጵስዩስ የተቀበለው ያው ሰው ከቆሮንቶስ አልቀበልም አለ። በዚያ ሳለ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሠራ (ሐዋ. 18፥3)፤ የጐደለውንም ከመቄዶንያ የመጡ ወንድሞች ሞሉለት። ስለ ምን እንዲህ አደረገ? ቆሮንቶስ ድሀ ከተማ ስለ ነበረች አይደለም፤ በሁለት ወደብ የምትነግድ ከተማ ነበረች። በጥልቅ ድህነት ውስጥ የነበሩት የመቄዶንያ ምእመናን ናቸው (2ኛ ቆሮ. 8፥2)። በዚያ ዘመን ባለጠጋ ሰው አንደበተ ርቱዕ የሆነውን ሰው በቤቱ ቀልቦ ያኖር ነበረ፤ የተቀለበውም የቀላቢውን ስም ከፍ ያደርግ ነበረ። እኔ እንደሚመስለኝ ሐዋርያው የቆሮንቶስን ባለጠጎች እንጀራ ቢበላ ኖሮ፥ በጌታ ራት ላይ ድሆችን ስላሳፈሩ ሊገሥጻቸው አፉ በተያዘ ነበር። እንግዲህ ገንዘቡ ስንት ነው ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ የመልእክተኛውን አፍ ይከፍታልን ወይስ ይዘጋልን? ብለን እንጠይቅ።

አሁን ቆሮንቶስን ትታችሁ በልባችሁ ወደ ካርቱም ተሻገሩ። ከጥቁር ዓባይ በስተ ሰሜን፥ ሱዳኖች ባሕሪ በሚሉት የከተማ ክፍል፥ ካፉሪ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ በዚያ እርሻ ከነበረው ከአዚዝ ካፉሪ የመጣ ሲሆን፥ በኋላ ዘመን የባለጠጎችና የባለ ሥልጣኖች ቪላ የተሠራበት ሰፈር ሆነ። እንደ ሌሎቹ የካርቱም ባለጠጋ ሰፈሮች በዚያም አጥር ውስጥ ወጥ የሚሠሩት፥ ልብስ የሚያጥቡትና ሕፃን የሚያዝሉት ብዙ ጊዜ የኛው አገር ሴቶች ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ በመተማ በኩል የወጡ ናቸው። በሱዳን የዕረፍት ቀን ዓርብ ስለ ሆነ አምልኮአቸውም ዓርብ ይሆናል፤ እሑድ የሥራ ቀን ነውና።

ወደ እነዚህ እኅቶች የሚላክ ወንጌላዊ ስንቁ ከወዴት ይምጣ? በከተማው በንግድ የበለጸገ ያገሩ ሰው ቢኖር፥ ቤትም ቀለብም እችላለሁ ቢለው፥ በቆሮንቶስ የነበረው ወጥመድ እንደ ገና ተዘረጋ ማለት ነው። ነጋዴው ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ቀን ያ ነጋዴ የሠራተኛውን ደመወዝ ሲከለክል ወንጌላዊው ምን ይናገራል? ከራሳቸው ከእኅቶች ይቀበል እንዳንል ደግሞ፥ ከደመወዛቸው ላይ መጀመሪያ የደላላው ዕዳ ይነሣል፤ ከዚያ የእናት መድኃኒት፥ የታናሽ ወንድም ትምህርት ይከተላል። ይህም ሁሉ ሆኖ መባ ሲዞር እጃቸው የማይታጠፍ እነርሱ ናቸው። ጌታችንን ራሱን በገንዘባቸው ያገለገሉት ሴቶች እንደ ነበሩ ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. 8፥3)። ስለዚህ ስጦታቸውን አልቀበልም ማለት እነርሱን ማቃለል ነው፤ የቤት ኪራዩንና የልጆቹን ቀለብ ሁሉ በእነርሱ ትከሻ ላይ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህን የምለው ስለ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ካፉሪ በፈጥኖ ደራሽ ኀይል እጅ ወደቀ፤ የሱዳን ጦር መልሶ የያዘው በ2025 መጀመሪያ ነው። ባለ ቪላዎቹ ሸሹ፤ የቤት ሠራተኞቹም ከፊሉ ወደ መተማ፥ ከፊሉ እግራቸው ወደ መራቸው ሄዱ። እንዲህ ባለ ጊዜ ምእመናን ሲበተኑ መባውም አብሮ ይበተናል። ስንቁን በመንጋው ላይ ብቻ የመሠረተ እረኛ፥ መንጋው ከሁሉ ይልቅ በሚፈልገው ሳምንት እንጀራው ይቋረጣል። ተከትሎአቸው ለመሄድ እንኳ የመኪና ዋጋ አይኖረውም።

እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው ደጅ እናንተ ናችሁ፤ ያገር ቤት ማኅበረ ምእመናን። ይህ ነገር አዲስ አይደለምና፥ በዚሁ በካርቱም በኩል ያለፉትን መልእክተኞች ታሪክ እንመልከት።

በስዊስ አገር በባዜል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የተላኩ የእጅ ባለሙያዎች ከ1856 ጀምሮ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ አገር ገቡ። የላኪዎቻቸው አሳብ፥ መልእክተኛው በእጁ እየሠራ ራሱን ይቻል የሚል ነበረ። ከኢየሩሳሌም እስከ ጐንደር ዐሥራ ሁለት ማረፊያዎች እንዲቆሙ፥ እያንዳንዱም በአንድ ሐዋርያ ስም እንዲጠራ ታስቦ፥ መሥመሩ የሐዋርያት ጎዳና ተባለ፤ ካርቱምም ከማረፊያዎቹ አንዷ ሆነች። መሥመሩ ግን እንደ ታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተቀመጡት ባለሙያዎች የደረሰባቸውን ታውቃላችሁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ወደደና መድፍ እንዲሠሩለት አዘዘ። በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ያፈሰሱት ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ሰዎች ናቸው። በእነርሱ ላይ ልፈርድ አልቸኩልም፤ በዚያ ግቢ የሚኖር ሰው እንቢ ለማለት የሚችልበት ስንቅ አልነበረውምና። በእጅ ሥራ መተዳደር ለጳውሎስ ነፃነት ሆነለት፤ ለእነርሱ ግን ሥራቸውን የሚገዛው አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ ባርነት ሆነባቸው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላ መልእክተኛ በካርቱም አለፈ። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሽጦ፥ በ1870 በምጥዋ ነፃ ወጥቶ፥ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ነው። በስዊድን አገር ተምሮ ከተመለሰ በኋላ፥ በሸዋ በኩል መንገዱ ስለ ተዘጋ፥ ከባልንጀሮቹ ጋር በሱዳን አድርጎ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ሞከረ። ከአሶሳ አካባቢ ማለፍ አልሆነላቸውም፤ በሚያዝያ ወር 1882 ኦነሲሞስ በንዳድ ታሞ ወደ ካርቱም ተመለሱ። በዚያው ጊዜ የማህዲ ዐመፅ ተነሥቶ ነበርና በምጥዋ አጠገብ ወዳለው ወደ እምኩሉ ተመለሱ።

በዚያ ሳምንት ኦነሲሞስ ለላኪዎቹ ደብዳቤ ቢጽፍ ምን ዐይነት ቍጥር ሊያገባበት ይችል ነበር? የተጠመቀ የለም፥ የተሠራ ቤት የለም፥ ስንቁ ግን አልቆአል። የስዊድን ሚሲዮን ከረጢት ግን የአንድ ባለጠጋ ከረጢት አልነበረም። በየመንደሩ ሴቶች እየተሰበሰቡ ካልሲና ልብስ እየሠሩ ሸጠው የሚያዋጡት ገንዘብ በውስጡ ነበረ። አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቈርጦ እጁን ሊሰበስብ ይችል ነበር፤ የብዙዎች እጅ ግን በአንድ ቀን አይታጠፍም። ኦነሲሞስ በእምኩሉ ተቀምጦ ተረጐመ፤ አስቴር ጋኖም በቋንቋው ሥራ ረዳችው። የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በዚያው በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። እርሱም በ1904 ወደ ወለጋ ገባ። ከካርቱሙ ንዳድ እስከ ወለጋ 22 ዓመት ነው። ለ22 ዓመት የሚበቃ ስንቅ ማን ያዘጋጃል?

በጀርመን አገር ያለችው የሄርማንስቡርግ መንደርም እንዲሁ ናት። በ1853 በፓስተራቸው በሉድቪግ ሐርምስ መሪነት የዚያ አሸዋማ አገር ገበሬዎች የራሳቸውን መርከብ አሠርተው መልእክተኞች ላኩ። መርከቧንም በመጽሐፍ ቅዱሳችን ህንደኬ በተባለችው በኢትዮጵያ ንግሥት ስም ጠሩአት (ሐዋ. 8፥27)፤ አሳባቸው ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ነበርና። መድረስ አልተቻላቸውም፤ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። ማኅበሩ ኢትዮጵያ የገባው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። መርከቧ ስትሠራ መባ ከሰጡት አብዛኞቹ በዚያ ጊዜ በመቃብር ነበሩ።

እኛ ደገኞች እንዲህ ያለ ልማድ ለምን አጣን? ልግስና ስለ ጐደለን አይመስለኝም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም ቍራሽ ያልሰጠ ቤት በአገራችን ጥቂት ነው። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ከጥንት በሰሞን መሬት ይኖር ነበረ፤ ይህ እስከ 1975 የመሬት ዐዋጅ ቆየ። ወደ ወንጌላውያን በመጣን ጊዜ ደግሞ ደመወዙን ሚሲዮን ሲከፍል አገኘን። መካነ ኢየሱስ በ1959 ራስዋን የቻለች ቤተ ክርስቲያን ሆና ስትቆም፥ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ርዳታ አብሮአት ነበረ። አንዱ ልማድ መሬቱ ይቀልበው አሰኘን፤ ሌላው ፈረንጁ ይቀልበው አሰኘን። ለለማኝ ቍራሽ መስጠትን ተማርን፤ ለተላከ ሰው ስንቅ መቋጠርን ግን አልተማርንም። ዮሐንስ ለጋይዮስ የጻፈው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ስለ ስሙ የወጡትን ሰዎች ለእግዚአብሔር እንደሚገባ አድርገን እንድንሸኛቸው፥ ከማያምኑ እንዳይቀበሉ፥ እኛም በዚህ የሥራቸው ተካፋይ እንድንሆን።

ልማዱ ስለሌለ ነው መልእክተኛው እንደ ቆሎ ተማሪ በየጉባኤው የሚቆመው። በጉባኤው ቀን ዕንባ ይፈስሳል፥ ስምም ይመዘገባል፤ በሦስተኛው ወር ግን የሚያስታውስ አይገኝም። እርሱም ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም። ሲጨንቀው የሚጽፈው ደብዳቤ ወይ ልቅሶ ይሆናል፥ ወይ ሰጪዎቹን ደስ ለማሰኘት ቍጥሩ ያብጣል። ሁለቱም ከእውነት ያርቁታል፤ ያራቀው ግን የእኛ ዝምታ ነው። ሚስቱም በዚያ በሩቅ አገር የቤት ኪራይ ጠያቂውን በር ላይ የምትመልስ እርሱዋ እንደ ሆነች አንርሳ።

የገንዘቡ መንገድም ራሱ አስቸጋሪ ነው። ሱዳን ከ1997 እስከ 2017 በአሜሪካ ማዕቀብ ሥር ስለ ነበረች በባንክ መላክ ጭንቅ ነበረ። በየካቲት 2021 የአንድ ዶላር ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 የሱዳን ፓውንድ ተለወጠ። በኛም አገር ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ብር በገበያ እንዲመነዘር ሲደረግ፥ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ሺህ ብር ቃል የገባ ማኅበር ሺሁን ሳያጐድል ቢልክም የመልእክተኛው እንጀራ እኩሌታ ሆኖ ይደርሳል፤ ማንም ሳይዋሽ ቃሉ ይጐድላል። ስለዚህ ቃል ስትገቡ በብር ልክ ሳይሆን በሚገዛው ነገር ልክ ግቡ፤ አንዱ ማኅበር የአንድ ክፍል ኪራይ፥ ሌላው የዱቄት፥ ሌላው የአንድ ልጅ ትምህርት ይያዝ። በየዓመቱም ዋጋውን ጠይቃችሁ አስተካክሉ። የውጭ ምንዛሪን ነገር የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ከባንክ ጋር በሕግ ይጨርሱት፤ ወንጌላዊው በኪሱ ደብቆ ድንበር እንዲያሻግር አትተዉት።

እንዴት እናድርግ ለምትሉኝ፥ ከዕድራችሁ ተማሩ እላችኋለሁ። ለወንጌላዊው የለኝም የሚል ሰው የዕድሩን መዋጮ አያስቀርም። የዕድሩ ቀን የታወቀ ነው፤ ልኩ የታወቀ ነው፤ መዝገቡ በሁሉ ፊት ይገለጣል፤ የቀረው ሰው ይጠየቃል። የሞተውን ለመቅበር ይህን ያህል ሥርዓት ካበጀን፥ በሕይወት ያለውን ለመላክ ማበጀት አያቅተንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳ ቤተ ሰብ ለአንድ መልእክተኛ በወር አንድ ቀን ይሰብስብ፤ መዝገቡን ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት። ከሃምሳው አንዱ ቢቀየም ወንጌላዊው የሚያጣው አንዲት ሎሚ ናት፤ ስለዚህ ያንን አንዱን ሰው ሊገሥጽ ይችላል።

ደረሰኙም ይመለስ። የደረሰው ገንዘብ ልክ፥ የደረሰበት ቀን፥ የዋለበት ነገር ተጽፎ ይምጣና ያዋጡት ሁሉ ባሉበት ይነበብ፤ የጳውሎስም መልእክት በፊልጵስዩስ እንዲሁ ተነበበ። አድራሹንም በስሙ አንሡ። አፍሮዲጡ ያን ስጦታ ይዞ ሲሄድ ታሞ ለሞት ቀርቦ ነበረ፤ የላኩት ሰዎችም መታመሙን ሰምተው ነበር (ፊልጵ. 2፥25-30)። የእናንተን አደራ ይዞ እስከ መተማ የሚወርደው ሰው በሰላም መግባቱን የሚጠይቅ ማን እንደ ሆነ ከመላካችሁ በፊት ወስኑ።