የፍርድ ቤት ውሳኔና የጥቁር ተማሪዎች የትምህርት ዕድል በአሜሪካ

ጥያቄ፦ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪዎችን በዘር መለያየትን ከከለከለ በኋላም የጥቁር ተማሪዎች የትምህርት ዕድል ስለ ምን እኩል አልሆነም?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1954 «ብራውን» በተባለው መዝገብ የተሰጠው ውሳኔ በሕግ የተደነገገውን መለያየት ቢሽርም፣ ከመኖሪያ ሰፈር የሚመነጨውን አላስቀረም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ጥቁሮች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች በካርታ ላይ በቀይ ቀለም እየተለዩ ለብድር አስጊ ተብለው መመደባቸው፣ ማለትም «ሬድላይኒንግ» የተባለው አሠራር፣ ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች ቤት ገዝተው ሀብት እንዳያፈሩ እንቅፋት ሆኗል። ትምህርት ቤቶች ከበጀታቸው ሰፊ ድርሻ የሚያገኙት ከንብረት ግብር፣ ይኸውም በአካባቢው ቤትና መሬት ዋጋ ላይ ከሚጣለው ግብር በመሆኑ፣ የሰፈሩ ድህነት ወደ መማሪያ ክፍሉ ይሻገራል። ፍርድ ቤቱ በ1973 ይህ የገንዘብ ልዩነት የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም ማለቱ፣ በ1974 ደግሞ የዲትሮይትንና የአጎራባች ከተሞችን ተማሪዎች ለማቀላቀል የወጣውን ዕቅድ መሻሩ፣ የፍትሕ መንገዱን አጥብቦታል።