ከደረስጌ እስከ ጋፋት፦ የመንግሥት የብረት ሥራና የጀልባ ሙከራ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን

በኢትዮጵያ የመንግሥት የምሕንድስና ሥራ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ደብረ ታቦር አጠገብ ከምትገኘው ጋፋት ነው። መነሻውን ለመረዳት ግን ከደባርቅ በስተምሥራቅ፣ በስሜን ተራሮች ጃናሞራ ውስጥ ወዳለችው ደረስጌ መመለስ ያሻል።

ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግራይን ሲገዙ ጠመንጃ ከባሕር በር ያስመጡ፣ የአውሮፓ ባለሙያዎችንም በቤታቸው ያስጠጉ ነበር። ደረስጌ ማርያም የታነጸችው በጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በቪልሄልም ሺምፐር መሪነት ነው፤ ኤዱዋርድ ዛንደር የተባለው ሠዓሊም በውቤ ዘንድ በግንባታና በመሣሪያ ሥራ አገልግሏል። ውቤ ሊነግሡባት ባሳነጿት ቤተ ክርስቲያን ግን የነገሡት ሌላ ሰው ናቸው። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. ድል ሆኑ፤ ከሁለት ቀን በኋላ አቡነ ሰላማ ደጃዝማች ካሣን ቴዎድሮስ ብለው ቀቡ። ዛንደርም ለአዲሱ ንጉሥ አደረ። ስለዚህ ቴዎድሮስ ከስሜን የወረሱት ዘውድና ጠመንጃ ብቻ ሳይሆን ባለሙያን በመንግሥት ቤት የማሳደር ልማድም ጭምር ነው። የጨመሩት፣ መሣሪያው በአገር ውስጥ ይሠራ የሚለውን ነው።

በጋፋት የተሰባሰቡት ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከስዊስ የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ፣ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚስዮናውያን ነበሩ። መድፍ ለመሥራት አልመጡም። ብረት የማቅለጥ የመጀመሪያ ሙከራቸው ከሽፏል፤ ንጉሡ ግን ደግመው እንዲሞክሩ አዘዙ። የዚህ ጥረት ፍጻሜ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ነው።

ከመድፉ ይልቅ ብዙም ያልተወሳው የጣና ሙከራ ይበልጥ አስተማሪ ይመስላል። በ1858 ዓ.ም. ንጉሡ በሐይቁ ዳር ሳሉ የእንፋሎት መርከብን አምሳያ ለማሠራት ሞክረዋል። ሞተር አልነበረምና በትልልቅ የደንገል ጀልባዎች ላይ በእጅ የሚዞሩ መንኮራኩሮች ተገጠሙ። ሐሳቡ የባሕር ማዶ፣ አካሉ ግን የጣና ታንኳ ነው። ደንገል ውሃ እየመጠጠ ስለሚከብድ ታንኳ በየጊዜው ወጥቶ መድረቅ አለበት፤ ለቀላል ዓሣ አጥማጅ የሚበቃው ጥበብ ወታደርና መሣሪያ ለሚጭን ጀልባ አይበቃም። ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት በፍላድ በኩል ከእንግሊዝ ባለሙያዎችንና መሣሪያዎችን ጠየቁ። ሰዎቹ ምጽዋ ደረሱ፤ እስረኞቹ ስላልተፈቱ ግን ወደ ውስጥ ሳይገቡ ተመለሱ።

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ሴባስቶፖል በሠረገላ ተጭኖ፣ ገደል እየተናደና መንገድ እየተጠረገ፣ ወደ ስድስት ወር በሚጠጋ ጉዞ ደረሰ። ይህ መንገድ ራሱ የጋፋት ትልቁ የምሕንድስና ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበርም ተመዝግቧል።

የዘመኑ ምንጮች በአብዛኛው በአውሮፓውያን የተጻፉ በመሆናቸው ቀላጮቹን በየስማቸው ይጠራሉ፤ ወናፍ የነፉት፣ ከሰል ያከሰሉትና ገመድ የጎተቱት ግን በጅምላ «ሠራተኞች» ናቸው። በወገራና በስሜን የቤተ እስራኤል ቀጥቃጮች ማረሻና ጦር እየሠሩ «ቡዳ» ይባሉ በነበረበት ዘመን፣ ንጉሡ ወጣቶችን በጋፋት የብረት ሙያ እንዲማሩ መስጠታቸው ቀላል ውሳኔ አልነበረም። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲወድቅ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ወረዱ፤ ዛንደርም በዚያው ዓመት ሞተ። ደቀ መዛሙርቱ በአገር ቀሩ፤ ሴባስቶፖልም ከመቅደላ አምባ አልወረደም።