ሙቅ ውሃ አየርን ሲያሞቅ፦ ከመኪና ማሞቂያ እስከ ከሚሴ የጫጩት ቤት

ከከሚሴ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣ አውቶቡስ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከቆላ ወደ ውርጭ አገር ይሸጋገራል። ማሞቂያ የተገጠመለት ከሆነ ሾፌሩ ዳገቱ ላይ ይከፍተዋል፤ ሞቅ ያለ አየርም ወደ ተሳፋሪዎች ይነፍሳል። ይህ ሙቀት ከየት መጣ? ሞተሩን ሲያቀዘቅዝ የሞቀው ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ማራገቢያው ደግሞ አየሩን በቱቦዎቹ መካከል ይነዳል። ውሃው ሙቀቱን ለብረቱ፣ ብረቱም ለአየሩ ያስተላልፋል። በታላላቅ ሕንፃዎች ውስጥ የሚተከለው በሙቅ ውሃ የሚሠራ የአየር ማናፈሻም ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ የሆነችው ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። ታዲያ በዚያ ማሞቂያ ለማን ያስፈልጋል? መልሱን የምናገኘው በጫጩት ቤት ውስጥ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት የሰውነቱን ሙቀት በራሱ መጠበቅ ስለማይችል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ሙቀት ይፈልጋል። ቀን ላይ ፀሐይዋ ብዙውን ትረዳለች፤ ችግሩ ሌሊት ነው።

ከሰል ለምን አይበቃም?

ብዙ አርቢዎች በሩንና መስኮቱን ዘግተው በቤቱ ውስጥ ከሰል ያነዳሉ። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ አደጋው ለጫጩቶቹ ብቻ ሳይሆን አብሯቸው ለሚያድረው ሰውም ነው። መስኮቱ ቢከፈት ደግሞ ሙቀቱ ይሸሻል። ሙቀትንና ንጹሕ አየርን በአንድነት ለማግኘት እሳቱን ከቤት ውጭ አስቀርቶ ሙቅ ውሃን ብቻ ማስገባት ይገባል።

አተካከሉ

አየሩ የሚጓዝበት ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ መግቢያ፣ ማጣሪያ፣ ማራገቢያ፣ የሙቅ ውሃ ጥቅል፣ ከዚያም ወደ ክፍሉ የሚያደርስ ቱቦ። ማጣሪያው የሚቀድመው አቧራ በጥቅሉ ክንፎች መካከል ተጠቅጥቆ የአየሩን መንገድ እንዳይዘጋ ነው። በክፍሉ ሌላኛው ጎን እርጥበትንና አሞንያን የሚያስወጣ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል።

ውሃውን በተመለከተ አራት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ሙቁ ውሃ መግባት ያለበት አየሩ በሚወጣበት በኩል ነው። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲጓዙ በመንገዳቸው ሁሉ የሙቀት ልዩነት ስለሚኖር ብዙ ሙቀት ይተላለፋል። ሁለተኛ፣ በከፍተኛው ቦታ ላይ የአየር ማስወጫ፣ በዝቅተኛው ላይ ደግሞ የውሃ ማፍሰሻ ይደረጋል፤ በቱቦ ውስጥ የታፈነ አየር የውሃውን ዝውውር ይገታልና። ሦስተኛ፣ ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ስለሚጨምር የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ፈጽሞ የታሸገ በርሜል ማሞቅ ፍንዳታን መጋበዝ ነው። አራተኛ፣ ፓምፑ ሲቆም ማራገቢያውም አብሮ እንዲቆም መስመሩ ይያያዛል፤ አለበለዚያ ቀዝቃዛ አየር በጫጩቶቹ ላይ ሲነፍስ ያድራል።

ስሌቱ

ለምሳሌ ያህል በሴኮንድ 0.1 ሜትር ኪዩብ ንጹሕ አየር ከ15 ወደ 32 ዲግሪ ማሞቅ ፈለግን እንበል። በባሕር ወለል ላይ የአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ክብደት 1.22 ኪሎግራም ገደማ ነው። በከሚሴ ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ 1.03 ኪሎግራም ያህል ብቻ ይሆናል። አንድ ኪሎግራም አየርን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ፦

0.103 × 1 × 17 = 1.75 ኪሎዋት

የባሕር ወለሉን ቁጥር ሳናርም ብንወስድ ኖሮ ወደ 2.1 ኪሎዋት ይመጣብን ነበር።

ውሃው በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ 10 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ በደቂቃ 2.5 ሊትር ያህል ይበቃል። ይህ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ሌሊቱ 12 ሰዓት ስለሆነ የሚፈለገው ጉልበት 21 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በፀሐይ ማሞቂያ እስከ 70 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እስከ 45 ዲግሪ ድረስ እንጠቀምበት ብንል፣ አንዱ ሊትር የሚሰጠን 0.029 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ 720 ሊትር ገደማ ያስፈልገናል ማለት ነው። ባለ 200 ሊትር የቤት ማሞቂያ ብንተክል ከእኩለ ሌሊት አስቀድሞ፣ በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ያልቅበታል። በዚያ ላይ ይህ ስሌት የንጹሕ አየሩን ድርሻ ብቻ እንጂ በግድግዳና በጣሪያ የሚሸሸውን ሙቀት አይጨምርም።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። ጥቅሉ የሚመረጠው በ70 ዲግሪ ሳይሆን ሊነጋ ሲል በሚቀረው በ45 ዲግሪ ውሃ እንዲበቃ ተደርጎ ነው። ደግሞም ትልቅ በርሜል ከመግዛት በፊት ጣሪያውን በሙቀት መከላከያ መሸፈን፣ የሚወጣውም አየር ሙቀቱን ለሚገባው እንዲያካፍል ማድረግ ይቀድማል። ግማሹን ሙቀት መመለስ ከቻልን ለአየሩ የሚያስፈልገው በርሜልም በግማሽ ይቀንሳል። ለደመናማ ቀናት ጭሱ በጭስ ማውጫ የሚወጣ ምድጃ ከቤቱ ውጭ በመጠባበቂያነት ይቀመጣል።

ደብረ ብርሃን ቢሆንስ?

በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ያው መጠን ያለው አየር ይበልጥ ይቀልላል፤ በ5 ዲግሪ 0.9 ኪሎግራም ያህል ነው። ነገር ግን 27 ዲግሪ መሞቅ ስላለበት 2.4 ኪሎዋት ይፈልጋል። ሌላም ሥጋት አለ። ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት በጥቅሉ ውስጥ የቆመ ውሃ ወደ በረዶነት ተለውጦ ሲሰፋ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ሥራ ሲቆም ውሃውን ማፍሰስ ወይም በረዶ የሚከላከል ፈሳሽ መቀላቀል ግድ ነው፤ በከሚሴ ግን ይህ አያስፈልግም።

አንባብያን ሆይ፣ እናንተም የአካባቢያችሁን ከፍታና የሌሊት ሙቀት መጠን ወስዳችሁ ስሌቱን ድገሙት። የምታገኙት ቁጥር ከእኛው ይለያል፤ የሚተከለውም መሣሪያ መመረጥ ያለበት በዚያው በእናንተ ቁጥር ነው።