ስለ ወገብ ሕመም ለእናቶችና ለቤተ ሰብ የተሰጠ ትምህርት

እናቶች፤ ጎሕ ሲቀድ እሳት ለማንደድ ስትነሡ ከሁሉ አስቀድሞ ከአፋችሁ የሚወጣው ቃል «ወገቤን!» የሚል እንደ ሆነ እናውቃለን። ቃሉ የተለመደ ስለ ሆነ የሚሰማው ሰው አይደነግጥም፤ ባልም ልጅም «እሷ እንዲሁ ናት» ብሎ ያልፋል። ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ አንዷ «ብርድ ነው» ትላለች፤ ሌላዋ «ጅማትሽ ዞሯል» ትላለች፤ ሦስተኛዋ «ካልተተኮሰ አይለቅም» ትላለች። በዚህ ጽሑፍ የወገብ ሕመም ከምን እንደሚመጣ፣ ያለ ቀዶ ጥገናም በቤትና በጤና ጣቢያ እንዴት እንደሚታከም፣ ደግሞም የትኛው ሕመም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ እንዳለበት እንነግራችኋለን። ማንበብ የማትችል እናት ብትኖር ተማሪ ልጅዋ ያንብብላት። አባትም አጠገብ ተቀምጦ ይስማ፤ ለእርሱም የምንለው አለን።

ወገቤን የምትል ሴት ሰነፍ ወይም ቀበጥ አይደለችም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የታችኛው ወገባቸውን ታመው ነበር፤ ከነዚህም ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ ይበዛሉ።

ጀርባችን ከአንድ አጥንት የተሠራ ምሰሶ አይደለም። አከርካሪ የሚባሉ አጥንቶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረው የቆሙበት ነው። በወገብ ላይ ያሉት 5 ሲሆኑ፣ የላይኛውን ገላ ክብደት ሁሉ የሚሸከሙ ስለ ሆኑ ከሌሎቹ ይወፍራሉ። በአጥንቶቹ መካከል ዲስክ የሚባል፣ ጠንካራ ሆኖ እንደ ትራስ የሚለመጥ ነገር አለ። በአከርካሪው ውስጥም ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ሰገራ መውጫ የሚወርዱ ነርቮች ያልፋሉ። ቤት ሲሠራ ምሰሶው ብቻውን አይቆምም፤ ማገርና ልጥ ያስፈልገዋል። የወገብም ማገሩና ልጡ ጡንቻና ጅማት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወገብ ሲታመም አጥንት ወልቆ ወይም ጅማት ዞሮ አይደለም። ሐኪምም ቢሆን ብዙ ጊዜ «የታመመው ይኸኛው ነው» ብሎ በጣቱ ሊያመለክት አይችልም፤ ነገር ግን ጠይቆና መርምሮ አደገኛ አለመሆኑን ሊለይ ይችላል። ብርድም ቢሆን ሕመሙን ያብሰው ይሆናል እንጂ የሕመሙ ሥር እርሱ አይደለም።

እንግዲህ ከምን ይመጣል? የአንዲት እናት የአንድ ቀን ሥራ ብንቆጥር መልሱ ይገኛል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ እንስራ ከሆነ ደግሞ ሸክላው ራሱ ከባድ ነው። እርሱን አዝላ ዳገት ትወጣለች። ከዚያ በሦስት ጉልቻ ላይ በተጣደ ምጣድ ፊት ጎንበስ ብላ እንጀራ ትጋግራለች። ቀን ማሳ ውስጥ አረም ስታርም ትውላለች፤ ሲመሽ እንጨት ተሸክማ ትመለሳለች፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ሕፃኑ በአንቀልባ ከጀርባዋ አይወርድም። ጡንቻዋ የሚያርፍበት ጊዜ የለም። አንድ ቀን ጀሪካኑን ከመሬት ስታነሣ፣ ወይም ወደ ጎን ዞር ስትል፣ ቆረጥ ያደርጋታል። እርሷም «ዛሬ ታመምሁ» ትላለች፤ ነገር ግን ሕመሙ ሲጠራቀም የቆየ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። እንደ ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋልም ወገብን ያሳምማል። ኀዘንና ጭንቀት ያለባት፣ እንቅልፍም ያጣች ሴት ሕመሟ ቶሎ አይለቃትም። ይህ ማለት ሕመሙ የውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ልብ ሲጨነቅ ጡንቻም አብሮ ይጨነቃልና።

አሁን ወደ ሕክምናው እንምጣ። መልካሙ ወሬ ድንገት የተነሣ የወገብ ሕመም አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚሻለው መሆኑ ነው። ቀድሞ ሐኪሞችም ጭምር «ተኝታችሁ ክረሙ» ይሉ ነበር፤ ዛሬ ግን ይህ ምክር ተትቷል። ሕመሙ በጣም ከጠናባችሁ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጋደም በሉ፤ ከዚያ በኋላ ቀስ እያላችሁ ተነሡ፤ ከቤት እስከ ደጅ፣ ከደጅ እስከ ጎረቤት ተራመዱ። ስትራመዱ ትንሽ ቢያማችሁ ወገባችሁ እየተበላሸ ነው ማለት አይደለም። አንድ ወር ሙሉ መደብ ላይ የተኛች ሴት ግን ጡንቻዋ ይላላል፣ ስትነሣም ያው ሥራ ይጠብቃታልና እንደ ገና ትወድቃለች። ከመጀመሪያው ይልቅ ሁለተኛው ይብስባታል።

ለማስታገሻ ሙቀት ጥሩ ነው። በሙቅ ውሃ ነክራችሁ የጨመቃችሁትን ጨርቅ፣ ወይም ሙቅ ውሃ የተሞላና አፉ በደንብ የተዘጋ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ወገባችሁ ላይ አኑሩ። ገላን እንዳያቃጥል በመጀመሪያ በክንዳችሁ ሞክሩት። ስትተኙ በጎናችሁ ሁናችሁ በጉልበቶቻችሁ መካከል የተጠቀለለ ጋቢ አስገቡ፤ በጀርባ መተኛት የሚቀላችሁ ደግሞ ከጉልበታችሁ ሥር አድርጉት። በቅቤ ወይም በዘይት በቀስታ መታሸትም አይጎዳም። መድኃኒት ካስፈለገ አይቡፕሮፌን የሚባለው ክኒን ከምግብ በኋላ ለጥቂት ቀን ሊወሰድ ይችላል፤ ነገር ግን እርጉዝ ሴት፣ የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ጤና ባለሙያ ሳይጠይቅ አይንካው። «መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም» የሚለው ነገር ሁልጊዜ ያስገርመናል፤ ለወገብ መርፌው ከክኒኑ የበለጠ አያድንም።

ስለ መተኮስ ግልጹን መናገር አለብን። በጋለ ብረት ወገብን መተኮስ ሕመሙን አያወጣውም፤ ቁስል ይጨምርበታል። ቁስሉም ሊያመረቅዝ፣ በቲታኖስ ክፉ በሽታም ሊመረዝ ይችላል። ተተኩሰው የዳኑ አሉ ትሉናላችሁ፤ አዎን አሉ፤ ግን ባይተኮሱም በዚያው ሳምንት ይሻላቸው ነበር። ዋግምትም ሆነ ብጣት በአንዱ ሰው ደም ላይ የዋለ ምላጭ ለሌላው ሲውል የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል። ወጌሻ በእጁ ቀስ ብሎ ቢያሽ አንቃወምም፤ ነገር ግን ጀርባ ላይ ቆሞ መርገጥ፣ ወገብን ይዞ ማጠማዘዝ አይገባም። ምክንያቱን ዝቅ ብለን እንናገራለን።

ሕመሙ ጋብ ሲል ማገሩንና ልጡን ማጠንከር ያስፈልጋል። ጠዋትና ማታ ሰሌን ላይ በጀርባችሁ ተኙ፤ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ እግራችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። ከዚያ ዳሌያችሁን ወደ ላይ አንሡና እስከ 5 ቆጥራችሁ መልሱት፤ አሥር ጊዜ ደጋግሙት። ቀጥሎ ሁለቱን ጉልበቶቻችሁን ወደ ደረታችሁ ሳቡ። ከዚያም በእጅና በጉልበት ተንበርክካችሁ ድመት ስትነሣ እንደምታደርገው ጀርባችሁን ወደ ላይ አጉብጡ፣ መልሳችሁም ዝቅ አድርጉ። ልጆች ያዩና ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ከሚያዛቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። መመሪያው ወገብን በቀበቶ ማሰርን አይመክርም። መቀነታችሁን ፍቱ ማለታችን አይደለም፤ መታጠቅ ልማድም ጌጥም ነው። ግን አጥብቆ ማሰር የጡንቻን ሥራ አይተካም።

ሕመሙ ከመቀመጫ ጀምሮ በጭን ጀርባ ወርዶ እስከ እግር ጣት ሲነዝር፣ ዲስኩ ወጣ ብሎ ነርቭ ነክቶ ይሆናል። ይህን የሰማ ሰው «ቢላዋ ነው የሚያድነኝ» ብሎ ይፈራል። አብዛኛው ግን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል፤ የወጣው ዲስክም ብዙ ጊዜ ከጊዜ ብዛት ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። «ራጅ አንሡኝ» ማለትም እንዲሁ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጠጉር እንደሚሸብት አጥንትና ዲስክም ያረጃሉ፤ ምንም የማያማቸው ሰዎች እንኳ ራጅ ቢነሡ እርጅናው ይታይባቸዋል። ስለዚህ ሐኪሙ «ራጅ አያስፈልግሽም» ቢላችሁ ንቆ አይምሰላችሁ።

አሁን አባት ሆይ፣ ጆሮህን ስጠን። ሚስትህ ክኒን ውጣ በማግሥቱ ያንኑ ጀሪካን ብትሸከም መድኃኒቱ ምን ሊረባ? አህያ ካለህ ውሃው በአህያ ይምጣ። አህያ ከሌለህ ባለ 20 ሊትሩ ቀርቶ በባለ 10 ሊትር ሁለት ጊዜ ይቀዳ፤ አንዱን ጊዜ አንተ ወይም ወንድ ልጅህ ሂዱ። ወንድ ውሃ ቢቀዳ ነውር ነው የሚለው ልማድ የሴቲቱን ወገብ ያደክማል እንጂ የማንንም ክብር አይጨምርም። ሁለተኛ፣ ምድጃውን ከመሬት ከፍ አድርገህ በጭቃና በድንጋይ ሥራላት፤ እጇ ምጣዱ ላይ ሲደርስ ወገቧ እንዳይጎብጥ ቁመቷን ለካ። ከፍ ያለና የተከለለ ምድጃ እሳቱን ከሕፃናት ያርቃል፤ ጭሱም የሚወጣበት ቀዳዳ ካበጀህለት ለዓይንና ለሳንባ ይጠቅማል። እናንተም እናቶች ከባድ ነገር ስታነሡ ቀርባችሁ ጉልበታችሁን አጥፉ፤ ዕቃውን ከደረታችሁ አስጠግታችሁ በእግራችሁ ጉልበት ተነሡ፤ ተሸክማችሁ ወገባችሁን አትጠምዝዙ። አረም ሲታረም በየጊዜው ቀና ማለት ነው።

እርጉዝ ሴት ሆዷ ወደ ፊት ሲገፋ ወገቧ ይሳባል፤ ጅማቷም በእርግዝናው ምክንያት ይላላል። ስለዚህ ብታማት አያስደንቅም፤ ሸክሟ ግን ይቅለልላት። ሕመሙ ሄድ መጣ የሚል ሆኖ ገና ዘጠነኛ ወር ሳይገባ ከሆነ፣ ወይም ደም ወይም ውሃ ከፈሰሳት ምጥ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ። ከወለዱ በኋላ ወገባቸው የሚከብዳቸው፣ ወደ ታች የሚገፋና የሚወጣ ነገር ያለባቸው የሚመስላቸው እናቶችም አሉ፤ ይህ የማህፀን መውረድ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች አፍረው ለባላቸው እንኳ ሳይናገሩ ዓመታት ይቆያሉ። ሕክምና አለው፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ለብቻዋ ንገሯት።

ቀድመን ያቆየነው ነገር ይህ ነው። የወገብ ሕመም ሁሉ የሸክም አይደለም። ሳል ባይኖርም የሳንባ ነቀርሳ የአከርካሪን አጥንት ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ሌሊት ሌሊት ያልበዋል፣ ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ ይከሳል፤ ሲቆይም ጀርባው ላይ ጉብታ ይወጣል። በነቀርሳ የተበላ አጥንት ቢረገጥ ወይም ቢጠመዘዝ ተሰብሮ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል፤ ጀርባ ላይ መርገጥን የከለከልነው ስለዚህ ነው። በጊዜው ከታወቀ ግን ለብዙ ወራት ሳይቋረጥ በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ ብዙውን ጊዜም ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም፤ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ተቋም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት የሚመጣ በሽታ ሊይዘው ይችላል፤ እርሱም ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያመጣል። ወተቱን አፍሉት፤ ጥጃ ሞታ የተወለደችላችሁ ላም ብትኖር በባዶ እጅ አትንኩ። ሽንት ሲወጣ የሚያቃጥል፣ ከጎድን በታች የሚወጋና የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ያለበት ከሆነ የኩላሊት መመረዝ ሊሆን ይችላልና እርሱም በዚያው ቀን ይታይ።

ከሁሉም የሚያስቸኩል አለ። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሽንቱ እምቢ ካለው ወይም ሳያውቀው ካመለጠው፣ ሰገራውን መቆጣጠር ካቃተው፣ በኮርቻ ላይ ስንቀመጥ ኮርቻውን የሚነካው ገላ ከደነዘዘበት፣ ወይም እግሩ እየከዳው ከሄደ፣ ቀን አይጠበቅም፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ ቀዶ ጥገና በቶሎ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ፣ ወይም ተኝተው እንኳ የማያስተኛ ሕመምም፣ የሕፃን ልጅ የወገብ ሕመምም መመርመር አለበት።

ከዛፍ ወይም ከበቅሎ የወደቀ ሰው ወገቡን ካለ፣ አንሥታችሁ አታስቀምጡት፣ በበቅሎም አትጫኑት። አራት ሆናችሁ ራሱን፣ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን በአንድ ቃል እኩል አንሡና ሳንቃ ወይም ጠንካራ ቃሬዛ ላይ በጀርባው አጋድሙት፤ ራሱ እንዳይዞር በሁለቱ ጎን የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጉለት፤ ከቃሬዛው ጋር ደረቱንና እግሩን በነጠላ አስራችሁ ሳታንገጫግጩ ውሰዱት።